ከሴራሚኩ በፊት ሊሾውን አንኳኩት

አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከመርካቶ ነው። ሴራሚኩን መርጦ፣ በዋጋ ተከራክሮ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ግቢ ካስገባ በኋላ «ወለሉስ?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ያኔ ሠሪው መጥቶ ቆሟል፣ ካርቶኑ በረንዳ ላይ ተደርድሯል፣ መልሱም «ችግር የለውም፣ በላዩ ላይ እናነጥፈዋለን» ይሆናል። ችግር አለው። አንድ ወይም ሁለት ክረምት ሲያልፍ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ኮሪደሩ ላይ ሲራመዱ ባዶ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ሴራሚኩ ብድግ ይላል። ነገሩ በሴራሚኩ ጥራት ይላከካል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከሥሩ ካለው ነው።

እዚህ የምጽፈው በአዲስ አበባ የድሮ ቤቶች ውስጥ ስለሚገኙ ወለሎች ነው። በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የጭቃ ቤት ወለል ነው፦ የተደለደለ አፈር፣ አንዳንዴ በላዩ ጥቂት ድንጋይ፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ የሚሆን ሊሾ። ሁለተኛው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ቪላ ወለል ነው፦ የድንጋይ ንጣፍ፣ አርማታ፣ በላዩ ሊሾ ወይም ቴራዞ። ሦስተኛው ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ባሉ የቆዩ ቤቶች የሚታየው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ግንብ ላይ በእንጨት የተሠራው የጣውላ ወለል ነው። ሦስቱም የየራሳቸው በሽታ አላቸው። ገንዘብ የሚያስበላው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ነው።

መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ውሃ

ትንሽ መዶሻ ወይም የፌሮ ቁራጭ፣ ጠመኔም ያዙ። ክፍሉን በየ30 ሳ.ሜው መስመር በመስመር አንኳኩ። ከሥሩ ጋር የተያያዘ ሊሾ ጥብቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ጄሪካን ያስተጋባል። የለቀቀውን በጠመኔ ክበቡ። የተከበበው ከክፍሉ ሩብ ካልደረሰ ያንን ብቻ ቆርጦ መጠገን ያዋጣል። ከሲሶ ካለፈ ግን ሁሉንም ማንሳት ይረክሳል፤ ምክንያቱም አንዱ ጋ መሮ ሲመታ አጠገቡ ያለው፣ ደህና የመሰለው፣ አብሮ ይለቃል። የጥገናውን ጠርዝ በግራይንደር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በመዶሻ የተሸራረፈ ጠርዝ አዲሱን ሲሚንቶ እየሳሳ እንዲያልቅ ያደርገዋል፣ ያ የሳሳው ጫፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚረግፈው ነው።

ደህና ድምፅ ሰጠ ማለት ሴራሚክ ይይዛል ማለት አይደለም። ሊሾ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ለስላሳ ማለት ነው፤ ልክ እንደ ፌሮና አርማታ ከግንበኛው ጋር ቀርቶ አማርኛ ሆኗል። ለስላሳነቱ ለመጥረግ ግሩም ነበር፣ ለማጣበቅ ግን አይሆንም። በዚያ ላይ ሰሙ አለ። በየበዓሉ ዋዜማ ሰም እየተቀባ፣ በእግር በጨርቅ እየተፈተገ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ቀይ ሊሾ፣ ሰሙ ቀዳዳው ሁሉ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በላምባ ሲወለወል የኖረውም ከዚህ አይሻልም።

ማወቂያው ቀላል ነው። በአምስት ስድስት ቦታ አንድ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ። ሊሾው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠጥቶት ከጠቆረ ሲሚንቶው ክፍት ነው። ውሃው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ከተቀመጠ ሰም ወይም ዘይት አለበት። በበሩ መግቢያ፣ በክፍሉ መሃልና በአልጋ ሥር ለየብቻ ሞክሩ፤ ሰም እኩል አይቀባም፣ አልጋ ሥርን ማን ያየዋል።

ሰሙን በፈላ ውሃና በሳሙና ማጠብ የላዩን ያነሳል፣ የገባውን አያወጣም። በቤንዚን ወይም በላምባ ማጠብ ደግሞ ቅባቱን ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከእሳት ጋር መጫወትም ነው። የሚሻለው የላይኛውን ከ2 እስከ 5 ሚ.ሜ በግራይንደር መፋቅ ወይም በሹል መሮ መጠቅጠቅ ነው። በመሮ ከሆነ በየ3 እና 4 ሳ.ሜው አንድ ምት ያስፈልጋል፣ ጥልቀቱ 5 ሚ.ሜ ገደማ ይሁን። ብዙ ሠራተኛ በየ20 ሳ.ሜው አንድ ጊዜ ነክቶ «ተሻክሯል» ይላል። አልተሻከረም፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ሰም እንዳለ ነው። ከተፋቀ በኋላ የውሃውን ጠብታ እንደገና ሞክሩ።

ለእርጥበቱ 50 በ50 ሳ.ሜ የሆነ ንጹሕ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ክፍተት ሳትተዉ አሽጉት። በሦስት ቦታ ይሁን፦ መሃል ላይ፣ ወደ ውጭ በሚያዋስነው ግድግዳ ሥርና በሽንት ቤቱ ወይም በወጥ ቤቱ በኩል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ተዉት። ሲነሳ ከላስቲኩ በታች ጤዛ ከያዘ ወይም ሊሾው ከአካባቢው ጠቁሮ ከተገኘ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው። በየካቲት የተሠራ ሙከራ ግን ውሸታም ነው። የመሬቱ ውሃ ልኩ የሚታየው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ሥራው የግድ በበጋ የሚሠራ ከሆነ ክረምቱ ጥሎት የሄደውን ምልክት ፈልጉ፦ በግድግዳው ግርጌ የተቀረፈ ቀለም፣ ሊሾው ላይ ያለ እንደ ዱቄት የነጣ ጨው፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለ የሻጋታ ሽታ።

ወለል ውሃ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚታየው ግቢው ነው። በድሮ ሰፈሮች መንገዱ በኮብልስቶንና በአስፋልት፣ ግቢውም በየጊዜው በሚደፋ አፈርና በሲሚንቶ ከፍ እያለ መጥቶ የቤቱ ወለል ከግቢው እኩል ሆኗል፣ አንዳንዴም ዝቅ ብሏል። የግቢው ከፍታ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከግድግዳው ሥር ተነስቶም በ2 ሜትር ውስጥ 10 ሳ.ሜ ያህል ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው የክረምቱ ውሃ በሙሉ ግድግዳው ሥር ነው የሚወርደው። አሸንዳ ማስገጠም ከወለል ሥራ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ለብዙ ቤት ከየትኛውም የማጣበቂያ ዓይነት የበለጠ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ጭቃ ቤት ላይ ጥንቃቄው ይበዛል። ሊሾው ስንጥቅጥቅ ባለበት ዘመን እርጥበቱ በስንጥቁ እየተነፈሰ ይወጣ ነበር። በላዩ ሴራሚክ ወይም ፕላስቲክ ሲነጠፍበት መውጫ ያጣውን እርጥበት የሚቀበለው ግድግዳው ነው። ጭቃው ከግርጌው ይርሳል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ቋሚው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም መንገዱን ያገኛል። ስለዚህ በጭቃ ቤት ወለሉ ብቻውን አይታደስም፤ የግቢው ውሃ መጀመሪያ ይያዛል፣ የግድግዳው ግርጌም በውጭ በኩል አፈር ከተቆለለበት ይገለጣል።

ስንጥቁ ይንቀሳቀሳል ወይስ ሞቷል?

እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈው ቀጭን ስንጥቅ አያስፈራም። ሊሾው ሲሠራ ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶበት ከላይ ብቻ ጠንካራ ቅርፊት ስለያዘ የመጣ ነው፤ ሲፋቅ አብሮ ይሄዳል። ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄድ፣ ወይም ክፍሉን በሰያፍ የሚያቋርጥ፣ በተለይም አንዱ ጎኑ ከሌላው ከፍ ያለ ስንጥቅ ግን ከሥር የሚመጣ ነው።

ቦሌ፣ ገርጂ፣ አቃቂና ሌሎች ዋልካ አፈር ያለባቸው አካባቢዎች ይህ በደንብ ይታያል። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ወለሉም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። በጥር የሰፋ ስንጥቅ በነሐሴ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቀን አይፈረድበትም። ጄሶ በጥቂት ውሃ አቡክታችሁ ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋትና በ5 ሚ.ሜ ውፍረት ለጥፉ፤ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ከሥሩ ያለው ወለል ንጹሕና ሰም የሌለበት ይሁን፤ አለዚያ ጄሶው ይለቅና ምንም አይነግራችሁም። ከበጋ ወደ ክረምት የሚያሻግር ሦስት አራት ወር ቆይቶ ጄሶው ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ ሞቷል።

የሞተ ስንጥቅ በግራይንደር 1 ሳ.ሜ ስፋትና 2 ሳ.ሜ ጥልቀት ይከፈታል። በየ30 ሳ.ሜው ስንጥቁን የሚያቋርጥ የ30 ሳ.ሜ ቦይ ይቆረጥና ባለ 6 ሚ.ሜ ፌሮ ይተኛበታል። አቧራው ተጠርጎ፣ ረጥቦ፣ አንድ ለሁለት በሆነ ሲሚንቶና በተነፋ አሸዋ ይሞላል። በሕይወት ያለ ስንጥቅን ግን በሲሚንቶም በሙጫም መድፈን ትርፉ ድካም ነው፤ ያ ወለል ተነስቶ ከሥሩ ነው የሚሠራው።

ልኩን መውሰድ

ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ከሌዘር መሣሪያ ያላነሰ ይሠራል፤ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ አለመኖሩን ብቻ አረጋግጡ። ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሁሉም ክፍሎች ግድግዳ ላይ አንድ የማይለወጥ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ወደ ታች በየሜትሩ ለኩና ቁጥሩን እዚያው ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፉ። ትንሹ ቁጥር የወለሉ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚቆጠረው ከእሱ ነው። በየክፍሉ ለየብቻ ልክ የሚወስድ ሠሪ ሳሎኑንና ኮሪደሩን ጥሩ አድርጎ ይሠራና በሩ ላይ የ2 ሳ.ሜ እንቅፋት ይተዋል።

ሴራሚክ ለሚለጠፍበት ወለል፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ሲጋደምበት ከሥሩ ከ3 ሚ.ሜ በላይ ክፍተት ባይኖር ይመረጣል። 60 በ60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴራሚክ በዚህ መደራደር የለም። ትንንሹ ሴራሚክ ጉብታውን ይከተላል፤ ትልቁ ግን ጥግና ጥጉ ብድግ ብሎ ይቀራል፣ ክፍተቱን ለመሙላትም ሲሚንቶ በአራት ጥግና በመሃል እየተቆለለ ይለጠፋል። ያ ባዶ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሚጨመረውን ከፍታ ደምሩ፦ ሙሌት (ወለሉን ለማስተካከል የሚፈሰው ሲሚንቶና አሸዋ) 5 ሳ.ሜ፣ ማጣበቂያና ሴራሚክ 1.5 ሳ.ሜ፣ በጠቅላላው 6.5 ሳ.ሜ። በሩ ከሥሩ ይቆረጣል። የእንጨት በር ቀላል ነው፤ የብረት በር ግን ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፣ ቁልፉና እጀታውም ዝቅ ይላል። የበረንዳው ደረጃ የመጨረሻ እርከን ከሌሎቹ በ6.5 ሳ.ሜ ከፍ ይልና ሰው ያደናቅፋል። ሽንት ቤቱ ከሌላው ክፍል ከ1.5 እስከ 2 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት፣ ወለሉም ወደ ፍሳሹ በየሜትሩ ከ1.5 እስከ 2 ሳ.ሜ መውረድ አለበት፤ ይህ ከወዲሁ ካልታሰበ ሙሌቱ ካለቀ በኋላ አይስተካከልም።

ሙሌቱ

ከሥሩ ካለው አርማታ ጋር ለሚያያዝ ሙሌት ትንሹ ውፍረት 2.5 ሳ.ሜ ነው፤ ከ4 ሳ.ሜ ባያልፍ ይሻላል። ላስቲክ ተነጥፎ በላዩ የሚፈስ ከሆነ፣ ማለትም ከሥሩ ጋር የማይያያዝ ከሆነ፣ ከ5 ሳ.ሜ ማነስ የለበትም፤ ከዚያ ከሳሳ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፍና ይሰነጠቃል። አንዱ ጥግ 4 ሳ.ሜ ሆኖ ወደ ሌላው ጥግ እየሳሳ ዜሮ የሚሆን ሙሌት አትፍቀዱ። ቀጭኑ ጫፍ ውሃው ወዲያው ይጠፋበትና ሳይጠነክር ይቀራል፣ በዓመቱ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ያንን ጥግ ወይ በመሮ ዝቅ አድርጉት፣ ወይ በከረጢት በሚሸጠው ራሱን በሚያስተካክል ፈሳሽ ሙሌት ሥሩ። ፈሳሽ ሙሌቱ ውድ ነው፤ ለ5 ሚ.ሜ እና ለ1 ሳ.ሜ እንጂ ለ4 ሳ.ሜ አይገዛም።

ለ4 በ4 ሜትር ክፍል፣ በ5 ሳ.ሜ ውፍረት፣ ሙሌቱ 0.8 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ በሆነ ድብልቅ 6 ኩንታል ሳይሆን 6 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ስለሆነ ሒሳቡ ላይ ተጠንቀቁ። አሸዋው 0.85 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ በወንፊት ሲነፋ የሚጣለውን አስባችሁ 1 ሜትር ኩብ ግዙ። የመለኪያ ሣጥኑ 50 በ40 በ18 ሳ.ሜ ከሆነ አንድ ከረጢት ሲሚንቶን ያህላል። በአካፋ መለካት አይሆንም፤ እርጥብ አሸዋ በአካፋ ላይ ይቆለላል፣ ሲሚንቶ ይንሸራተታል፣ አንድ ለአራት የተባለው አንድ ለስድስት ይሆናል።

አሸዋው ከላንጋኖ ይምጣ ከመቂ፣ ሲራገፍ በዓይን ብቻ አትቀበሉት። ግማሽ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ሙሉና ውሃ ጨምራችሁ በኃይል ናጡት፣ ከዚያ ጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ፣ ማለትም በ10 ሳ.ሜ አሸዋ ላይ ከ6 ሚ.ሜ በላይ ከሆነ፣ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ጭቃው ሲሚንቶውን ከአሸዋው ያለያየዋል፤ ወለሉ በእግር ሲፈተግ አቧራ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ከማፍሰሱ በፊት በነበረው ማታ የተሻከረውን ወለል በውሃ አጥግቡት፣ ጠዋት የተቋጠረውን ውሃ ጥረጉት። እርጥብ ይሁን እንጂ ኩሬ አይኑርበት። ከዚያ ቦያካ፣ ማለትም እንደ አጥሚት የቀጠነ ሲሚንቶና ውሃ፣ በመጥረጊያ እየተፈተገ ይቀባል። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው። ሠራተኛው ክፍሉን በሙሉ ቦያካ ቀብቶ ይጨርስና አሸዋና ሲሚንቶ ሊያቦካ ይሄዳል። ሲመለስ ቦያካው ነጭ ሆኖ ደርቋል። የደረቀ ቦያካ ማያያዣ መሆኑ ቀርቶ ማላቀቂያ ይሆናል፤ ምንም ባይቀባ ይሻል ነበር። አንድ ወይም ሁለት ካሬ ብቻ ቀቡ፣ እርጥብ እያለ ሙሌቱን ድፉበት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

የሙሌቱ ውሃ ትንሽ ይሁን። በጭብጥ ሲጨመቅ ቅርጹን ይይዛል፣ በጣቶች መካከል ግን ውሃ አያንጠባጥብም። በደንብ ተጠቅጥቆ፣ በአሉሚኒየሙ ተስቦ፣ በታሎሽ ይስተካከላል፤ በዚያው ይብቃው። ሠሪው ከልማድ ደረቅ ሲሚንቶ ሊነሰንስና እንደ መስታወት ሊያለሰልስ ይሞክራል። አስቁሙት፤ ሴራሚክ የሚፈልገው ሻካራ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሚ.ሜ ክፍተት በስስ ስፖንጅ ወይም በካርቶን ተይዞ ይቅር፤ ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ጠርዝ፣ ይሸፍነዋል።

አዲስ አበባ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐዩ ይፋጃል፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ሙሌት በመስኮት በሚገባ ንፋስ ብቻ በአንድ ቀን ይነጣል። ወዲያው በላስቲክ ወይም በረጠበ ጆንያ ሸፍኑና ለ7 ቀን አርጥቡት። ከዚያ በኋላ የሚደርቀው በቀን 1 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ 5 ሳ.ሜ ሙሌት ወደ 50 ቀን ይወስዳል። ለሴራሚክ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከተጠበቀ ይበቃል። ለፓርኬት፣ ለላሚኔትና ለፕላስቲክ ንጣፍ ግን የላስቲኩ ሙከራ ደረቅ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ግድ ነው፤ እንጨቱ ከታች ውሃ ጠጥቶ እንደ ጀልባ ይጎብጣል።

አፍርሶ ከሥር መሥራት

ሊሾው አፈር ላይ ከሆነ፣ እርጥበት ከወጣ ወይም ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ከላይ መለጠፉ ገንዘብ መቅበር ነው። ከታች ወደ ላይ ልኩ ይህ ነው፦ 25 ሳ.ሜ የድንጋይ ንጣፍ፣ ክፍተቱ በጠጠር ተሞልቶ፤ ላስቲኩን እንዳይበሳው 2 ሳ.ሜ አሸዋ፤ ወፍራም ላስቲክ፣ መጋጠሚያው 20 ሳ.ሜ ተደራርቦ በፕላስተር ታሽጎ፤ 10 ሳ.ሜ አርማታ፣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሳ.ሜው ተጠላልፎ። ከዚያ ሙሌቱና ሴራሚኩ። ሲደመር ከተጠናቀቀው ወለል 43 ሳ.ሜ ገደማ ወደ ታች መቆፈር ነው። ሥሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ከ30 እስከ 50 ሳ.ሜ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፤ በየ15 ሳ.ሜው እየረጠበ ይጠቀጠቃል። ለ16 ካሬው ክፍል አርማታው 1.6 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ 12 ከረጢት ሲሚንቶ ያዙለት።

ሰው የሚረሳው ግድግዳውን ነው። የጭቃ ቤት ቋሚ እንጨት በመሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ የድንጋይ መሠረትም ቢሆን በድሮ ቤት ጥልቀቱ አይታወቅም። ከግድግዳው ሥር አንድ ቦታ 50 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ የመሠረቱን ታች ሳታዩ ክፍሉን በሙሉ አታስቆፍሩ። ቁፋሮው ወደ መሠረቱ ታች ከተጠጋ ከግድግዳው 50 ሳ.ሜ ራቁ፣ ወይም በየ1 ሜትሩ እያፈራረቃችሁ ቆፍራችሁ ሙሉ። የሚነዝር መጠቅጠቂያ ጭቃ ቤት ውስጥ አይግባ፤ የእጅ መጠቅጠቂያ ይበቃል። ላስቲኩ በግድግዳው ጥግ እስከ ሙሌቱ ከፍታ ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ጠርዙ ዝቅ ብሎ ከቀረ እርጥበቱ በዚያች ስንጥቅ ይመጣል።

የጣውላው ወለል

ይህን ወለል ለመጣል የሚቸኩል ሰው ይበዛል። ጽድ ወይም ዝግባ ከሆነ ዛሬ በገበያ በቀላሉ የማይገኝ እንጨት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ጣውላው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ተሸካሚ እንጨት ነው፣ ያውም ጫፉ ብቻ።

መመርመር የሚጀመረው ከውጭ ነው። በድንጋዩ ግንብ ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች አሉ። አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በሲሚንቶ ተደፍነው፣ ወይም ግቢው ከፍ ብሎ ተቀብረው ታገኟቸዋላችሁ። ቀዳዳው የተደፈነበትን ጎን አስታውሱ፤ ከውስጥ የበሰበሰውን የምታገኙት በዚያ በኩል ነው። ከሥር የታመቀው እርጥብ አየር መውጫ ሲያጣ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ በክፍሉ ሁለት ጫፍና መሃል አንድ አንድ ጣውላ አንሱ። ምስማሩን ከላይ አትንቀሉ፤ ጣውላው ይሰነጠቃል። በመጋጠሚያው በኩል በብረት መጋዝ ምስማሩን ቁረጡት። በባትሪ መብራት እያያችሁ እያንዳንዱን ተሸካሚ ግድግዳው ውስጥ ከሚገባበት ቦታ በጠመንጃ መፍቻ (ካቻቪቴ) ውጉት። ደህና እንጨት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያስገባል፤ 1 ሳ.ሜ ያለ ትግል ከገባ በስብሷል። በድንጋዩ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ ቧንቧ ካያችሁ ምስጥ ነው። ቧንቧውን አንድ ቦታ ስበሩትና ከሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ አሁንም አለ። ያኔ መጀመሪያ አፈሩ ለምስጥ በሚሸጥ መድኃኒት፣ በመመሪያው ልክ፣ በባለሙያ ይረጫል።

የበሰበሰው ጫፍ ደህናው እንጨት እስኪገኝ ድረስ፣ ከዚያም 30 ሳ.ሜ አልፎ ይቆረጣል። በጎኑ ተመሳሳይ ወርድና ቁመት ያለው አዲስ እንጨት ይታከላል፤ ከአሮጌው ጋር ቢያንስ 60 ሳ.ሜ ተደራርቦ በአራት ባለ 10 ወይም ባለ 12 ሚ.ሜ ብሎን ይታሰራል። በምስማር ብቻ ማያያዝ አይበቃም፤ ይላላና ሲጥ ሲጥ ማለቱ ይመለሳል። አዲሱ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን 2 ሳ.ሜ አየር ይተውለት። ግንበኛ ክፍተት ሲያይ እጁ ይበላዋል፣ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ እንዳይደፍን ቆማችሁ ጠብቁ። በእንጨቱና በድንጋዩ መካከል ካትራሜ (ሬንጅ) የተቀባ የቆርቆሮ ቁራጭ አስገቡ፤ ውሃውን ያግዳል፣ ምስጥ ቢመጣም ዞሮ ሲወጣ ይታያል።

5 በ15 ሳ.ሜ የሆነ ተሸካሚ በየ40 ሳ.ሜው ተደርድሮም ቢሆን ከ2.5 ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ባይሄድ ይመረጣል። ካለፈ መሃሉ ላይ 40 በ40 የድንጋይ ምሰሶ ግንቡለት። የሚወዛወዝ መሆኑን ለማወቅ በብርጭቆ ውሃ ሞልታችሁ ወለሉ መሃል አስቀምጡና አንድ ሰው አጠገቡ ተረከዙን አንስቶ ይጣል። ውሃው ከመንቀጥቀጥ አልፎ ከተረጨ ተሸካሚው ደክሟል።

የተቃጠለ ሞተር ዘይት እንጨትን ከምስጥ ይጠብቃል ተብሎ ይቀባል። ከሥር፣ ማንም በማይነካው ቦታም ቢሆን ሽታው ወራት ይቆያል፤ በጣውላው የላይ ፊት ላይ ከተቀባ ደግሞ ቫርኒሽም ሙጫም አይይዝም። አይመከርም።

በጣውላ ወለል ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በወፍራም ኮምፖርሳቶ፣ በብዙ ብሎን፣ በልዩ ማጣበቂያ ይሆናል። በእነዚህ ቤቶች ግን አልመክርም። እንጨቱ ከክረምት ወደ በጋ ይንቀሳቀሳል፣ ሴራሚኩ አይንቀሳቀስም። በላዩ ላሚኔት ከፈለጋችሁ 12 ሚ.ሜ ኮምፖርሳቶ ከጣውላው አቅጣጫ አቋርጣችሁ አንጥፉ፤ በሉሆቹ መካከል 3 ሚ.ሜ፣ ከግድግዳው 1 ሳ.ሜ ተዉ። ብሎኑን በጠርዙ በየ15 ሳ.ሜ፣ መሃሉ ላይ በየ25 ሳ.ሜ እሰሩ። ምስማር አይሁን፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው «ሲጥ ሲጥ» ከላላ ምስማር ነው የሚመጣው።

የተደፈኑትን የአየር ቀዳዳዎች ክፈቱ፤ ከሌሉ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች በየ2 ሜትሩ 10 በ20 ሳ.ሜ የሚሆን ቀዳዳ አውጡና 6 ሚ.ሜ ዓይን ባለው የሽቦ መረብ ሸፍኑት። አየር ይገባል፣ አይጥ አይገባም። ለመተኪያ የሚገዛው ባሕር ዛፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው የሚሸጠው። ቤት ውስጥ አግድማችሁ፣ በመካከሉ ቀጭን እንጨት እየጣላችሁ፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አቆዩት። በመስከረም እርጥቡን የተመታ ጣውላ በጥር መጋጠሚያው አንድ ብር ሳንቲም ያስገባል።